የፍራሽ አቧራ በኤላይዛ፦ የ11 ሳምንት ማስታወሻ ከሐዋሳ

ሳምንት 1፣ ሰኔ መጨረሻ

ሥራው ከ12 ቤት የፍራሽ አቧራ ሰብስቦ በውስጡ ያለውን የማይት አለርጂን (አለርጂ የሚቀሰቅስ ፕሮቲን) በኤላይዛ፣ ማለትም በአንቲቦዲ በሚሠራ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ መለካት ነው። ሠራተኞቹ እኔ፣ አንድ ባልደረባዬና ለሁለት ወር የተመደበችልን ተለማማጅ።

ማይት የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ናት። ርዝመቷ የሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ቢሆን ነው፤ ፍራሽና ትራስ ውስጥ የሰው ቆዳ ቅርፊት እየበላች ትኖራለች። አትነክስም፣ ደምም አትመጥም። ችግሩ ኩሷ ነው። ኩሷ ውስጥ ዴር ፒ 1 የሚባል፣ ምግብ ለመፍጨት የምትጠቀምበት ኢንዛይም አለ፤ ፍራሽ ሲራገፍ ተነሥቶ አፍንጫና ሳንባ ይገባል። የአቧራ አለርጂ ዋና ምንጭ ይህች ፍጥረት መሆኗን ኔዘርላንድ ውስጥ ፎርሆርስትና ስፒክስማ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። እኛ አገር ደግሞ ጅማ ላይ የተሠሩና እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2001 የታተሙ የአስም ጥናቶች አሉ፤ የኋለኛው የቤት ውስጥ አለርጂንን ከአንጀት ትላትል ጋር አያይዞ ያየ ነው።

ለምን ገባሁበት? እህቴ አስም አለባት። ክረምት በመጣ ቁጥር ያገኛት ሁሉ «የሐይቁ አየር ነው» ይላታል። ይሆናል። ፍራሿን ግን ለክቶ የነገራት ሰው የለም። የእሷ ቤት ከ12ቱ አንዱ ነው፤ ቁጥሩ 4።

የተጣላነው በግዢው ላይ ነበር። ባልደረባዬ ፕሌቱ (96 ትንንሽ ጉድጓድ፣ ማለትም ዌል፣ ያለው የላቦራቶሪ ሳህን) ኮት ተደርጎ፣ አንቲቦዲው ተለጥፎበት የሚመጣ ሙሉ ኪት ይገዛ አለ። እኔ አንቲቦዲዎቹን (አለርጂኑን ለይተው የሚይዙትን) እና ስታንዳርዱን (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) ለየብቻ እንግዛ አልኩ፤ በዚያው ገንዘብ ብዙ ፕሌት ይወጣል። አሸነፍኩ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ሆኜ ይህን መልሼ ሳነብ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፕሌቶች በኪት መሥራት ነበረብን እላለሁ። መልመጃና ስህተት ፍለጋ በአንድ ጊዜ አይሆንም።

ሳምንት 2፣ ስብሰባ

አቧራ የሚሰበሰበው በቫኪዩም ክሊነር ነው። ምንጣፍ ከሚያጥብ ቤት በቀን 400 ብር ተከራየን። በቱቦውና በአፉ መካከል የናይለን ስቶኪንግ ቁራጭ እንገጥማለን፣ አቧራው እዚያ ይቀራል። 1 ካሬ ሜትር ለ2 ደቂቃ። ስፋቱ እንዳይዛነፍ ባልደረባዬ ከፕላስቲክ የኤሌክትሪክ ቱቦ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ፍሬም ሠራ፤ ቱቦውና አራቱ ክርን 220 ብር ፈጁ። ከገዛነው ዕቃ ሁሉ አንድም ቀን ያላስቸገረን እሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሁለት ቤት ላይ መብራት ሄደ። አንዱ ቤት ላይ ደግሞ መብራቱ ነበረ ግን ደካማ ነው፤ ማሽኑ እያቃሰተ ይመጥጣል። የዚያን ቤት ናሙና ጣልኩት፣ በሌላ ቀን ተመለስን። የመምጠጥ ኃይሉ ከቤት ቤት ከተለያየ በካሬ ሜትር ማውራት ትርጉም የለውም።

ቤት 3 ሐይቅ ዳር ነው፤ አንዲት አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ቡና ላይ ደረስን። ማሽኑን ሲያዩ፦

«ልጄ፣ ቆሻሻ ናት ብለሽ ልትጽፊብኝ ነው?»

«ኧረ አይደለም እማማ። እንኳን እርስዎ፣ ሆስፒታል አልጋም ላይ ይኖራል።»

«እንግዲህ እንዳታሳፍሪኝ ጧት አውጥቼ ፀሐይ አስመትቼ፣ በዱላ ደብድቤ፣ አንሶላውንም ቀይሬ ነው የጠበቅኩሽ።»

ባልደረባዬ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ስሕተቱ የኛ ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት ስልክ ደውለን እንመጣለን ያልነው እኛ ነን። እንግዳ ይመጣል የተባለ ቤት ፍራሹን ሳያራግፍ አይጠብቅም። ናሙናውን ወሰድን፣ መዝገቡ ላይ ከጎኑ «ተደብድቧል» ብዬ ጻፍኩ፣ ሦስተኛ ቡና ጠጥተን ወጣን። ለቀሩት ቤቶች መልእክቱን ቀየርነው፦ «እባካችሁ እስክንመጣ ድረስ እንዳታራግፉ።» ሁለቱ ሳቁብን።

ፍራሾቹ 9 ስፖንጅ፣ 2 ጥጥ፣ 1 ገለባ ናቸው። ሁለት ቤት ከፍራሹ ሥር ጅባ አንጥፈዋል። የጅባውን አቧራ ለየብቻ አልወሰድኩም፤ መውሰድ ነበረብኝ።

ሳምንት 3፣ መንፋትና መዘፍዘፍ

የኩሽና ወንፊት አላዋጣም። የጥጡ ብናኝ ይደፍነዋል፣ ሲደፍነው እጅ ያሸዋል፣ ሲታሽ ብናኙም አብሮ ያልፋል። ከአፈር ላቦራቶሪ 0.3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው የብረት ወንፊት ተዋስን። ከዚያ በኋላ የወረደው አቧራ ጥሩ ነው፤ የስንዴ ዱቄት ይመስላል፣ ቀለሙ ከቤት ቤት ይለያያል። የቤት 8 (ዳቶ በኩል፣ ገና አስፋልት ያልገባበት ሰፈር) ነጭ አመድማ ነው፣ ጣት ላይ ይከረክራል። ብዛቱ ደግሞ ገረመኝ፤ ከአንድ ካሬ ሜትር 1.9 ግራም። የቤት 4 ግን 0.42 ግራም ብቻ። ያኔ «ቤት 8 አቧራማ ነው» ብዬ አለፍኩ። ነገሩ ቆይቶ ይመጣል።

ሚዛኑ ላይ ግማሽ ቀን ባከነ። ቁጥሩ አልቆም አለ፤ ለካ ጣሪያው ላይ የሚዞረው ማራገቢያ ነው። አጠፋነው፣ ላብ እያጠበን መዘንን።

የሚወሰደው 100 ሚሊ ግራም አቧራ በ2 ሚሊ ሊትር ፒቢኤስ (የጨው ባፈር)፣ 0.05 በመቶ ትዊን 20 (የሳሙና ዓይነት) የገባበት፣ በክፍሉ ሙቀት ለ2 ሰዓት እየተንከባለለ። ማንከባለያ ከሂማቶሎጂ ክፍል የደም ቱቦ ሮለር ወሰድን። ቤት 9 የሰጠን 38 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሆነ ባፈሩን ወደ 0.76 ሚሊ ሊትር ቀነስኩ፤ መጠኑ ቢያንስም ምጣኔው አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ሴንትሪፉጅ 20 ደቂቃ። ከላይ የቀረው ፈሳሽ የቀጭን ሻይ መልክ አለው፣ እንጨት የሚነድበት ቤት ከሆነ የወፍራም ሻይ። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለን ፍሪዘር ውስጥ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀመጥን።

ሳምንት 4፣ ሐምሌ

አንቲቦዲው ከአዲስ አበባ መጣ። 275 ኪሎ ሜትሩን የመጣው በአውቶቡስ፣ በአይስ ቦክስ ነው፤ መነኸሪያ ስቀበል በረዶው ቀልጧል፣ ቴርሞሜትሩ 11 ዲግሪ ይላል። ደነገጥኩ እንጂ ለጥቂት ሰዓት 11 ዲግሪ አንቲቦዲ አይገድልም። ወዲያው 4 ዲግሪ አስገባሁት።

አሠራሩ ሳንድዊች የሚባለው ነው። 5ኤች8 የሚባለው የአይጥ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ከፕሌቱ ወለል ላይ ይለጠፋል፣ ዴር ፒ 1ን ይይዛል፣ ሌላውን ሁሉ ሲታጠብ ይለቃል። ከላይ ሁለተኛው፣ 4ሲ1፣ ያንኑ ዴር ፒ 1 በሌላ ጎኑ ይይዛል። 4ሲ1 ላይ ባዮቲን ተጣብቋል። ባዮቲኑን ስትሬፕታቪዲን ይይዛል፣ ስትሬፕታቪዲኑ ደግሞ ፐርኦክሲዴዝ የሚባለውን ኢንዛይም ተሸክሟል። መጨረሻ ላይ ኤቢቲኤስ የሚባል ቀለም ሰጪና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲጨመር ኢንዛይሙ አረንጓዴ ያደርገዋል። አለርጂኑ በበዛ ቁጥር አረንጓዴው ይደምቃል፤ መጠኑን ሪደር የሚባለው ብርሃን መለኪያ ማሽን በ405 ናኖ ሜትር ያነባል።

ኮት ያደረግነው በካርቦኔት ባፈር፣ ፒኤች 9.6፣ በየዌሉ 1 ማይክሮ ግራም፣ 4 ዲግሪ ላይ አዳር። ጧት ታጠበ፣ 1 በመቶ ቢኤስኤ (ፕሮቲን) ባለው ባፈር 30 ደቂቃ ብሎክ ተደረገ፣ ማለትም ባዶ የቀረው ወለል ተሸፈነ፣ ስታንዳርዱ ከ250 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር ጀምሮ በግማሽ በግማሽ እየወረደ እስከ 0.49፣ አሥር ደረጃ። ናሙና አንድ ሰዓት፣ 4ሲ1 አንድ ሰዓት፣ ስትሬፕታቪዲን 30 ደቂቃ፣ ኤቢቲኤስ።

ምንም። 10 ደቂቃ ጠበቅን፣ 20፣ 40። 96ቱም ዌል ውኃ ነው። የ250ው ስታንዳርድ እንኳ አረንጓዴ አልሆነም። ተለማማጇ «ምናልባት ሁሉም ቤት ንጹሕ ይሆናል» ብላ አሳቀችኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የአውቶቡሱን ጉዞ ነው። ባልደረባዬ የተሻለ ነገር አሰበ፦ አንድ ጠብታ ስትሬፕታቪዲን ፐርኦክሲዴዝ ቀጥታ ኤቢቲኤስ ውስጥ ጣይ። ጣልኩ፤ ዓይናችን እያየ አረንጓዴ ሆነ። እንግዲህ ኢንዛይሙ ሕያው ነው። ያንኑ ጠብታ በኛ ፒቢኤስ በጥብጬ ደገምኩ፤ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ጠርሙሱን አዙሬ ሳየው ከጀርባው በእስክሪብቶ፣ ግማሹ ተፍቆ፣ «አዛይድ» ይላል። ባፈሩን ከሴሮሎጂ መደርደሪያ የተዋስኩት እኔ ነኝ። ሶዲየም አዛይድ ባክቴሪያ እንዳይበቅልበት የሚጨመር ነው፤ ፐርኦክሲዴዝን ግን ያንቀዋል። ለሌላ ምርመራ ደህና ባፈር ነው፣ ለዚህ መርዝ። (በብዛት ወደ ሲንክ አትድፉት፤ ከመዳብና ከሊድ ቧንቧ ጋር የሚፈነዳ ጨው ይሠራል።)

አንድ ፕሌት ሞተ። ከአሁን በኋላ ባፈር ከማንም አልዋስም።

ሳምንት 5

አዲስ ፒቢኤስ ሠራሁ፣ ጠርሙሱ ላይ በትልቁ «ያለ አዛይድ» ብዬ ለጠፍኩ። ፕሌት 2 ተቃራኒው ሆነ፤ ሁሉም አረንጓዴ፣ ምንም ያልገባበት ባዶ ዌል ሳይቀር። ባዶው 0.9 ያነባል። ማጠቢያ ማሽኑን ሳየው ከስምንቱ ቀዳዳ ሦስቱ በጨው ተደፍነዋል። ያልታጠበ ስትሬፕታቪዲን የቀረበት ዌል ሁሉ እንደ አለርጂን ያበራል።

ማሽኑን ተውነው። በመጭመቂያ ጠርሙስ መሙላት፣ ገልብጦ መድፋት፣ ወፍራም ሶፍት ላይ ጠበቅ አድርጎ መምታት፣ አምስት ጊዜ። መምታቱ አንዳንድ ሰው ይፈራል፤ የተለጠፈው አንቲቦዲ አይወድቅም፣ ምቱ።

ፕሌት 3 ላይ ባዶው 0.08 ወረደ። ስታንዳርዱ ደረጃ በደረጃ ከድምቀት ወደ ንጣት ሲወርድ ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልብሴን አውልቄ ልጨፍር ነበር። ላይኛው ስታንዳርድ 2 አካባቢ ሲደርስ ነው የሚነበበው። 1.7 ላይ ሳለን መብራት ሄደ። ሪደሩ ጠፋ፤ ቀለሙ ግን መብራት አይጠብቅም። ከ50 ደቂቃ በኋላ ሲመጣ የላይኞቹ አራት ደረጃዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር አረንጓዴ ሆነዋል።

ያኔ ነው 1 በመቶ ኤስዲኤስ ሠርተን ያስቀመጥነው። በየዌሉ 100 ማይክሮ ሊትር ሲጨመር ቀለሙ ባለበት ይቆማል። 8 ግራም ዱቄት ቀድሞ በጥብጦ ማስቀመጥ ነበር ሥራው ሁሉ።

ሦስት ፕሌት ሄደ፣ አንድም የቤት ቁጥር የለኝም።

ሳምንት 6፣ ነሐሴ

ፕሌት 4 እና 5 ሠሩ። የሚጠቅሙ ነጥቦች፦

ከስታንዳርዱ ንባቦች የሚሣለው ኩርባ ሁለቱም ጫፍ አይታመንም። ከላይ ይተኛል፣ ከታችም ይተኛል፤ እኔ የማነበው ከ1 እስከ 60 ናኖ ግራም ባለው ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ናሙና በ1 ለ5፣ 1 ለ10፣ 1 ለ20 እና 1 ለ40 አቅጥኜ አስገባሁ። ሲባዛ ሁሉም ወደ አንድ ቁጥር መምጣት አለባቸው። ለአብዛኞቹ መጡ። እንጨት የሚነድባቸው ሁለት ቤቶች ግን 1 ለ5 ላይ ዝቅ ብለው ይታያሉ፣ ሲቀጥኑ ከፍ ይላሉ። ቤት 6ን ለመፈተን የታወቀ መጠን ስታንዳርድ ጨመርኩበት፤ በ1 ለ5 ከጨመርኩት 6 እጅ ከአሥሩ ብቻ ነው ተመልሶ የታየኝ፣ በ1 ለ20 ግን ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ጥቀርሻው ይሁን ሌላ፣ የሆነ ነገር መያያዙን እያወከ ነው። ለእነሱ 1 ለ5ን ሰረዝኩ።

መስኮቱ አጠገብ ስናስቀምጠው የፕሌቱ ዳር ዳር ዌሎች ከመካከለኞቹ ይበልጡ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ሸፍነን ስናስቀምጠው ቀረ። ናሙናዎቹን ከዳር አራቅኩ።

ያ ነው። የቀረው ፒፔት መያዝ ነው፣ አውራ ጣት መታመም ነው።

ሳምንት 7

ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል ግን ማስታወሻው ለዚሁ ነው።

የቤት 4 ውጤት ሲወጣ ቶሎ ለእህቴ ደወልኩ። በ1 ለ10 የተነበበው 14.2 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር ነበር። በ10 ሲባዛ 142፣ በ0.1 ግራም ሲካፈል 1420 ናኖ ግራም፣ ማለትም 1.42 ማይክሮ ግራም በአንድ ግራም አቧራ። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1987 ጀርመን፣ ባድ ክሮይትስናህ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያቀረቡት ነው፦ በግራም ከ2 ማይክሮ ግራም በላይ ከሆነ ሰውነት አለርጂ ወደ ማዳበር የመሄድ አደጋ፣ ከ10 በላይ ከሆነ የአስም መነሣት አደጋ። 1.42 ከ2 በታች ነው። «ፍራሽሽ ደህና ነው» አልኳት። «ብዬሽ ነበር፣ ሐይቁ ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ተለማማጇ ደብተሬን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ 2 ሚሊ ሊትሩ የታለ?»

142ቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ነው። አቧራው የተዘፈዘፈው በ2 ሚሊ ሊትር ነው። 284 ናኖ ግራም በ0.1 ግራም፣ 2840፤ ማለትም 2.84። የ12ቱም ቤት ቁጥር በእጥፍ አነሰ ማለት ነው። ከሦስት ፕሌት ሞት የባሰው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሞተ ፕሌት ራሱ ይናገራል፣ ይህ ግን ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር።

እህቴን መልሼ ደወልኩ። ረጅም ዝምታ። «ታዲያ አሁን ደህና ነው አይደለም?» አለች። 2.84 ስላለ ብቻ ያፈናት ፍራሹ ነው ማለት አይቻልም፤ ለማይት አለርጂ መኖሯ መጀመሪያ በቆዳ ምርመራ ወይም በደም መታየት አለበት። ይህን ለማስረዳት 15 ደቂቃ ፈጀብኝ። መጀመሪያ ባልደውል ኖሮ አንድም ደቂቃ ባልፈጀብኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ሒሳቡን የሚሠራው አንድ ሰው፣ የሚደግመው ሌላ ሰው።

ሳምንት 8፣ አሸዋው

አሁን የቤት 8 ነገር መጣ። ውጤቱ 1.1 ነው። ከ12ቱ ከዝቅተኞቹ አንዱ። ባልደረባዬ «አቧራማው ቤት ነው የበለጠ ንጹሕ የሆነው?» አለ። እኔም ወንፊቱ ላይ ጣቴን የከረከረኝን አስታወስኩ።

ቁጥሩ በግራም አቧራ ነው የሚነገረው። የግራሙ አብዛኛው አሸዋና የቦረቦጭ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ብናኝ ከሆነ አለርጂኑ ቀጥኖ ይታያል፤ ወተት ውስጥ ውኃ እንደ መጨመር ነው። ሐዋሳ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ነው፤ አስፋልት በሌለበት ሰፈር መስኮት ከተከፈተ አልጋው ላይ አፈሩ ያድራል። በዚያ ላይ ፍራሹ መሬት ላይ ከሆነ በቃ።

ስለዚህ ሁለቱን ቤቶች በካሬ ሜትር አሰላኋቸው። ቤት 8፣ 1.9 ግራም ሲባዛ በ1.1፣ 2.09 ማይክሮ ግራም በካሬ ሜትር። ቤት 4፣ 0.42 ሲባዛ በ2.84፣ 1.19። ተገለበጠ። በግራም ሲታይ የእህቴ ፍራሽ ከቤት 8 ከሁለት እጥፍ ይበልጣል፣ በካሬ ሜትር ግን ቤት 8 እሷን እጥፍ ሊያደርጋት ትንሽ ቀረው። ፍራሹ ላይ የሚተኛው ሕፃን ፊቱን የሚደፋው ካሬ ሜትር ላይ ነው እንጂ ግራም ላይ አይደለም።

አሸዋ ብዬ የገመትኩትን ለማየት ወንፊት ካዋሱን የአፈር ላቦራቶሪ ሰዎች ዘንድ ተመለስኩ። ፈርነስ (ከፍተኛ ሙቀት ያለው ማቃጠያ ምድጃ) አላቸው። ከቤት 8 አቧራ 0.500 ግራም በ550 ዲግሪ አቃጠልን፤ ቆዳው፣ ጥጡ፣ ጸጉሩ፣ ማይቱ ሁሉ ተቃጥሎ ሲሄድ 0.390 ግራም ቀረ። 78 በመቶ ማዕድን። ከቤት 4 0.100 ግራም አቃጠልን፣ 0.034 ቀረ፤ 34 በመቶ። የሚቃጠለውን ክፍል ብቻ ብንቆጥር ቤት 8 በግራም 5.0፣ ቤት 4 ደግሞ 4.3 ይሆናል።

ይህ የኔ ስሌት ነው፣ የ1987ቱ 2 እና 10 ቁጥሮች ለእንዲህ ዓይነት የተጣራ ግራም አልወጡም፤ ስለዚህ 5.0ን ከ2 ጋር ማወዳደር አልችልም። ግን ከቤት ቤት ሳወዳድር ከእንግዲህ ሦስቱንም ዓምድ እጽፋለሁ፦ በግራም፣ በካሬ ሜትር፣ የአመዱ በመቶ። በግራም ብቻ የሚቀርብ ውጤት አቧራው ከየት እንደመጣ ካልነገረኝ አላምነውም። የፈርነሱ ሰዎች ገንዘብ አልተቀበሉም፣ አሞራ ገደል ወስጄ ዓሣ ጋበዝኳቸው፤ 1,350 ብር። በዚህ ፕሮጀክት በደስታ ያወጣሁት ብቸኛው ወጪ።

ሳምንት 9፣ ጳጉሜን

ቤት 11 ከ0.49 በታች ነው፣ በየትኛውም ቅጥነት። ገለባ ፍራሽ። ተለማማጇ ደስ አላት። እኔ አላመንኩም።

ጥቂት አቧራ በጠገበ የጨው ውኃ ላይ በተንን፤ አሸዋው ይሰምጣል፣ ማይት ትንሳፈፋለች። የተንሳፈፈውን በመርፌ ጫፍ አንሥተን በአንድ ጠብታ ላክቲክ አሲድ ላይ፣ ከታች በትንሽ እሳት ሞቅ አደረግነው። በማይክሮስኮፕ 10 ኤክስ ላይ ሁለት ክር፣ አንድ የጉንዳን እግር፣ ከዚያ እሷ። ክብ ሆድ፣ ስምንት እግር፣ ከኋላዋ ከሰውነቷ ጋር የሚወዳደር ረጃጅም ጸጉር። እግሮቿ እንደ ተሰበሰቡ ናቸው። ተለማማጇ ወንበሩን አልለቅ አለች።

ኤላይዛው አልዋሸም። 5ኤች8 የሚይዘው ደርማቶፋጎይደስ ቴሮኒሲነስ የምትባለውን አንዷን የማይት ዝርያ ዴር ፒ 1 ነው። የዘመዷን የደርማቶፋጎይደስ ፋሪኔን ዴር ኤፍ 1 ለመያዝ 6ኤ8 የሚባል ሌላ አንቲቦዲ ያስፈልጋል። በሞቃትና እርጥብ አገር የምትበዛው ብሎሚያ ትሮፒካሊስ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ወገን ናት፣ የራሷ ምርመራ አላት። መዝገቡ ላይ «ቤት 11፦ ዜሮ» ያለውን ሰርዤ «ቤት 11፦ ዴር ፒ 1 አልታየም፣ ማይት ግን አለ» ብዬ ጻፍኩ። ፎቶዋን አንሥተን አስቀመጥን።

ሳምንት 10፣ መስከረም

እርጥበት። ማይት ውኃ አትጠጣም፣ ከአየር ነው የምትስበው፤ አየሩ ከደረቀባት ትሞታለች። ከገበያ 650 ብር የገዛሁትን እርጥበት መለኪያ እንዳለ ማመን ስላልፈለግኩ በክዳን ማሰሮ ውስጥ ከረጠበ የገበታ ጨው ጋር አሳደርኩት። የጨው ጭቃ የዘጋው አየር 75 በመቶ ይሆናል። መለኪያው 66 አለ። እንግዲህ 9 መደመር አለበት። የእህቴ መኝታ ቤት ሌሊት 64 ሲያሳይ የነበረው 73 ነው ማለት ነው። ለማይት ሰርግ ነው።

ፀሐይ ማስመታቱንም ሞከርኩ፤ ቤት 3 ካሉት እማማ ጀምሮ ሁሉም የሚያደርገው ስለሆነ። የእህቴን ሁለተኛ ፍራሽ ከማስጣታችን በፊት ለካን፦ 3.6። ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ፣ እየገለበጥን፣ ሳንደበድብ፦ 3.3። ማይቷ ደርቃ ልትሞት ትችላለች፣ ኩሷ ግን እዚያው ነው፤ ፕሌቱ ደግሞ የሚያየው ኩሷን ነው። ከዚያ ደጅ አውጥተን ደበደብነው፣ ቫኪዩም አደረግነው፦ 1.9። አንድ ፍራሽ ነው፣ አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚህ በላይ አልልም።

አንሶላና የትራስ ልብስ ግን ሌላ ነው። ዴር ፒ 1 በውኃ ይሟሟል፣ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ውኃ ደግሞ ማይቷንም ይገድላል። እኛ ቤት ያለው ማጠቢያ ሳፋ እንጂ ዲግሪ የሚያሳይ ማሽን አይደለም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ላይ ነው። እኩል በእኩል ከቀዝቃዛ ጋር ስንቀላቅል ቴርሞሜትሩ 54 አለ፤ ሳፋውም ይጠጣል። ሁለት እጅ የፈላ፣ አንድ እጅ ቀዝቃዛ፦ 63። እህቴ አሁን በጣሳ ለክታ ነው የምታጥበው።

ሳምንት 11

የቀረ፦ ለሁለት ፕሌት የሚሆን አንቲቦዲ፣ ግማሽ ጠርሙስ ኤቢቲኤስ፣ ከቤት 4 እፍኝ የማትሞላ አቧራ። እነዚያን ፕሌቶች አሁን አልነካቸውም። ጥር ላይ አየሩ ሲደርቅ ያንኑ 12 ፍራሽ፣ ያንኑ ካሬ ሜትር፣ ሳንደውል።

ቤት 3 ውጤት ልነግር ሄድኩ። 0.9 በግራም፣ 0.3 በካሬ ሜትር፣ ከተደበደበ በኋላ።

«ስንት ነው ልኩ?» አሉኝ።

«ከ2 በታች ነው እማማ። ግን እርስዎ ቀድመው ደብድበውታል።»

«እና ባልደበድበውስ?»

«እሱን ለማወቅ ነው ጥር ላይ የምመለሰው። እንዳይነኩት።»

«እስከ ጥር?» ብለው ፍራሹን አዩት። ቃል አልገቡልኝም።

ፍሬሙ ቢሮው በር ጀርባ ተሰቅሏል። አንዱ ክርን ስለላላ ባልደረባዬ በፕላስተር አስሮታል።